ስሟ ሕንፃው ላይ ይቆይ፦ ስለ ሩት ጊንስበርግ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በስልክ ደረሰኝ። የላከችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። የአሜሪካ አየር ኃይል ውስጥ ነው የምትሠራው። «አክስቴ፣ ይህን አንብቢና ምን እንደምትይ ንገሪኝ» ብላ። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጽሑፉን ላላያችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ኒው ዮርክ ግዛት፣ ኢታካ ከተማ ያለው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከአዳዲስ ዶርሞቹ አንዱን መጀመሪያ የሴቶች መብት ጠበቃ፣ በኋላም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በነበረችው በሩት ቤደር ጊንስበርግ ስም ሰይሟል። ሕንፃውን በወታደራዊ ሕግ ለሴቶች መንገድ ለከፈተች ሴት እንደቆመ መታሰቢያ የምናይ ሰዎች አለን። ጸሐፊው በዚህ አይስማሙም። አንደኛ፣ ዩኒፎርም ለብሳ አታውቅም ይላሉ። ሁለተኛ፣ ስሟ የተነሳበት የፍሮንቲየሮ ክስ የጥቂት ዶላር አበል ጭቅጭቅ ነው። ሦስተኛ፣ የሻምበል ስትራክ ጉዳይ ፍርድ እንኳ አላገኘም። አራተኛ፣ የቨርጂኒያው ውሳኔ የቆየ ወግ አፍርሷል። በመጨረሻ ደግሞ፣ የዶርም ስም መታሰቢያ አይባልም፣ ነገሩም እኛን ሐበሾችን አይመለከተንም። መሃል ላይ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ጣል አድርገውበታል።

በየተራ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ዩኒፎርም ለብሳ አታውቅም»

ይህን አልክድም። ወታደር አልነበረችም። የሠራዊት የሕግ መኮንንም አልነበረችም። ጸሐፊው «እውነተኞቹ ተረስተዋል» ሲሉ ከልባቸው እንደሆነ ይገባኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ምድር ጦር የመጀመሪያዋ ሴት የሕግ መኮንን የሆነችው ፊሊስ ፕሮፕ ፋውል ናት። ስንቶቻችን ስሟን ሰምተናል? ለእሷም ሕንፃ ይሰየምላት፣ ደስ ይለኛል። ግን የአንዷ መረሳት የሌላዋን ስም ለማውረድ ምክንያት አይሆንም።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የሠራዊት የሕግ መኮንን በጦር ፍርድ ቤት ለአንድ ወታደር ሊከራከር ይችላል። ሕጉ ራሱ ትክክል አይደለም ብሎ የመከላከያ ሚኒስትሩን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ መክሰስ ግን ሥራው አይደለም። በፍሮንቲየሮ ክስ ተከሳሽ ሆኖ ስሙ የተጠቀሰው ሪቻርድሰን የመከላከያ ሚኒስትር ነበር። እንዲህ ያለውን ክስ የሚይዝ ሰው ከውጭ መምጣት ነበረበት።

ከውጭ ናት ስንል ግን ኑሮውን አታውቀውም ማለት አይደለም። በ1954 ከኮርኔል ተመርቃ ማርቲን ጊንስበርግን አገባች። እሱ ወዲያው ለውትድርና ተጠራ። ኦክላሆማ፣ ፎርት ሲል የሚባለው የመድፈኞች ሠፈር ሁለት ዓመት ኖሩ። እዚያ የመንግሥት ሥራ ፈተና ተፈትና በማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ ለ5ኛ ደረጃ ሥራ አለፈች። ማርገዟን ስትናገር ወደ 2ኛ ደረጃ ዝቅ አደረጓት፤ ታይፒስት ሆነች። የተናገረችው እውነቱን ነው፣ የተቀጣችውም በእሱ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1965፣ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረች ሁለተኛ ልጇን ስታረግዝ ያን አልረሳችውም። የአማቷን ሰፋፊ ልብስ እየለበሰች ሆዷን ደበቀች። የኮንትራት እድሳቷ እስኪፈረም ድረስ ለማንም አልተናገረችም። የሕግ ፕሮፌሰር ናት እንግዲህ፣ የአማቷ ቀሚስ ውስጥ ተደብቃ የምታስተምረው። በኋላ የነፍሰ ጡሯን ሻምበል ጉዳይ የያዘችው ይህች ሴት ናት።

«የጥቂት ዶላር አበል ጭቅጭቅ ነው»

ደሜን ያፈላው ይሄኛው ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ሻሮን ፍሮንቲየሮ የአየር ኃይል መቶ አለቃ ናት። አላባማ፣ ሞንትጎመሪ ባለው የማክስዌል ሠፈር ሆስፒታል በፊዚዮቴራፒ ትሠራለች። ባሏ ጆሴፍ ባሕር ኃይል አገልግሎ የወጣ ነው፤ እዚያው ከተማ ኮሌጅ ይማራል። እንደማንኛውም ባለትዳር መኮንን የቤት አበሉ ከፍ እንዲልላት ጠየቀች፤ ለባሏ ደግሞ ሕክምናና የጥርስ ሕክምና። አልተሰጣትም። መጀመሪያ የደሞዝ ክፍሉ የተሳሳተ መስሏት ነበር። ስህተት አልነበረም። ሕጉ ነው እንዲያ የሚለው።

ሕጉ እንዲህ ነበር። ወንድ ወታደር ካገባ ሚስቱ በቀጥታ ጥገኛው ተብላ ትመዘገባለች። እሷ ከእሱ በላይ ብታገኝም የሚጠይቅ የለም። ሴት ወታደር ካገባች ግን የባሏን ኑሮ ከግማሽ በላይ የምትሸፍነው እሷ መሆኗን በማስረጃ ማሳየት አለባት። የጆሴፍ የወር ወጪ 354 ዶላር ገደማ ነበር። ለቀድሞ ወታደሮች ከሚሰጠው ድጎማ በወር 205 ዶላር ያገኛል። ይህ ከግማሽ ይበልጣል። ስለዚህ ጥገኛ አይደለም ተባለ። አበሉም ቀረ፣ ሕክምናውም ቀረ።

እስቲ ሁለት መኮንኖች ጎን ለጎን ያስቡ። ማዕረጋቸው አንድ፣ ሥራቸው አንድ። ሁለቱም ትዳር አላቸው። ወር ሲሞላ ወደ ወንዱ ቤት የሚገባው ይበልጣል። የእሱ ሚስት ጥርሷን ብትታመም ሐኪም አላት፣ የእሷ ባል የለውም። መንግሥት ፍርድ ቤት ቀርቦ የሰጠው ምክንያት ምን ነበር? አሠራር ለማቅለል። ብዙውን ጊዜ ቤት የሚያስተዳድረው ወንድ ስለሆነ የእያንዳንዱን ወንድ ወታደር ቤት መመርመር ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል አለ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ያሉትን ተረት እነሱ በሕግ አንቀጽ ጽፈውት ነበር። የሻሮን እውቀት፣ የሻሮን ማዕረግ፣ የሻሮን ደሞዝ፣ ሁሉም የሚቆጠረው በባሏ በኩል ነበር።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። ባለፈው ዓመት ስታገባ የባሏን መታወቂያ ለማውጣት ወደ ሠፈሩ ቢሮ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። እሱ ነርሲንግ ይማራል፤ ማታ ማታ ፓርኪንግ ይሠራል። የጋብቻ ምስክር ወረቀታቸውን በፕላስቲክ ሸፍና ይዛዋለች። እንዳይታጠፍባት በሁለት እጇ ነው የያዘችው። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አየች፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፈች፣ ልጁን ነጩ ግድግዳ ጋ አቁማ ፎቶ አነሳችው። ስንት እንደሚያገኝ አልጠየቀችውም። የቤት ወጪውን ማን እንደሚከፍል አልጠየቀችም። ካርዱ ገና ትኩስ እንዳለ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ሦስታችንም ቡና ልንጠጣ ወጣን። ያን ቀን የፍሮንቲየሮን ስም ማንም አላነሳም። የእህቴ ልጅም ያኔ አታውቀውም ነበር።

እንግዲህ ያ ካርድ የመጣው በዚህ ክስ ነው።

ጸሐፊው «ዋናዋ ጠበቃ እንኳ አልነበረችም» ይላሉ። ልክ ናቸው። ክሱን ከአላባማ ጀምሮ የያዘው ጆ ሌቪን የሚባል ጠበቃ ነው፤ ምስጋናው አይቀርበትም። ሩት የሲቪል ነፃነቶች ኅብረት የሚባለውን የመብት ተሟጋች ድርጅት ወክላ ከክርክሩ ጊዜ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ተሰጣት። ቀኑ ጃንዋሪ 17 ቀን 1973 ነው። በጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት ቆማ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ያስመልሰኛል ብላ ፈርታ ምሳ አልበላችም። የእናቷን ጌጥ አድርጋለች፤ ሁለተኛ ደረጃ ልትመረቅ አንድ ቀን ሲቀራት የሞተችባትን የእናቷን። ዘጠኙም ዳኞች ወንዶች ናቸው። ስትናገር አንድም ጥያቄ አልጠየቋትም። ይስሙኝ አይስሙኝ አላወቀችም። ንግግሯን የዘጋችው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የባርነት ተቃዋሚ ከሣራ ግሪምኬ በወሰደችው ቃል ነው፦ «ለፆታዬ ልዩ ውለታ አልለምንም። ወንድሞቻችንን የምጠይቀው እግራቸውን ከአንገታችን ላይ እንዲያነሱልን ብቻ ነው።»

ሜይ 14 ቀን ፍርዱ ወጣ። 8 ለ1። ዳኛ ብሬናን ሕጉ ሴቶችን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሳይሆን እንደ ወፍ በፍርግርግ ሳጥን ውስጥ እንዳስቀመጣቸው ጻፈ። አንድ ነገር ግን አልደብቅም። ሩት የፆታ ልዩነት እንደ ዘር ልዩነት በጥብቅ እንዲመረመር ፈልጋ ነበር። ለዚያ አምስት ድምፅ ያስፈልጋል፣ ያገኘችው አራት ነው። ሙሉ ድል አልነበረም። ለሻሮንና ከእሷ በኋላ ለመጡት ወታደር ሴቶች ሁሉ ግን አበሉም ሕክምናውም መጣ። ጸሐፊው «ጥቂት ዶላር» ይበሉት። የቤት ኪራይ ከፍሎ ለሚያድር ሰው ጥቂት አይደለም።

«የስትራክ ጉዳይ ፍርድ አላገኘም»

አላገኘም። ለምን እንዳላገኘ ግን ጸሐፊው አልነገሩንም፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሱዛን ስትራክ የአየር ኃይል ነርስ ናት፣ ማዕረጓ ሻምበል። በ1970 ቬትናም እያለች አረገዘች። የአየር ኃይሉ ደንብ ያረገዘች መኮንን በተቻለ ፍጥነት ከሠራዊት ትሰናበት ይላል። ማምለጫው አንድ ነው፣ ማስወረድ። ያኔ በብዙ ግዛቶች ማስወረድ ወንጀል ነው፤ በወታደር ሆስፒታል ግን ይቻል ነበር። ሻምበሏ ካቶሊክ ናት። አላስወርድም አለች። ያጠራቀምኩት ፈቃድ አለኝ፣ በእሱ እወልዳለሁ፣ ልጄን ለጉዲፈቻ እሰጣለሁ፣ ከዚያ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ አለች። ሴት ልጅ ወለደች። እንዳለችውም ሰጠቻት። አየር ኃይሉ ግን አሁንም ውጪ አላት። እሷም ከስር ፍርድ ቤት እስከ ይግባኝ ብትሸነፍም እየተከራከረች በየጊዜው መሰናበቷን አሳገደች።

ልብ አድርጉልኝ። አባት የሚሆነው ወታደር ከሥራው ቀን አይጎድልበትም። መጠጥ ያበዛ ወይም አደንዛዥ ዕፅ የወሰደ ወታደር ታክሞ የሚመለስበት መንገድ ነበር። ያረገዘች ግን ትባረራለች። ሩት ጉዳዩን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደችው። ፍርድ ቤቱ በ1972 መጨረሻ ላይ ሊሰማው ተቀበለ። እሷም የጽሑፍ መከራከሪያዋን አስገባች።

በዚህ መሃል የመንግሥት ዋና ጠበቃው ኧርዊን ግሪስዎልድ ፋይሉን አየ። መንግሥት እንደሚሸነፍ ገመተ። አየር ኃይሉን አግባባው። የሻምበሏ ስንብት ተነሳ፣ ደንቡም ተለወጠ። ክርክር የሚያስነሳ ነገር ስለሌለ ጉዳዩ ተዘጋ። ፍርድ ያልተሰጠው ሌላው ወገን ከሜዳ ስለወጣ ነው።

ግሪስዎልድን ሩት ድሮ ታውቀዋለች። በ1956 ሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ስትገባ ዲኑ እሱ ነበር። ከአምስት መቶ በላይ ተማሪ መሃል ሴቶቹ ዘጠኝ ናቸው። ቤቱ እራት ጠርቷቸው አንድ በአንድ ጠየቃቸው፦ ወንድ ሊይዘው ይችል የነበረውን ወንበር ለምን ያዛችሁ? ከ16 ዓመት በኋላ ይህ ሰው የእሷን መከራከሪያ አንብቦ ልቀቋት አለ።

ሌላ አንድ ነገር አለ፣ ሳነበው ዕንባዬ የመጣው። ጉዳዩ እንዳይዘጋ ስትፈልግ ሩት ሻምበሏን በስልክ ጠየቀቻት፤ ሌላ የተነፈገሽ ነገር የለም? ሻምበሏ አብራሪ መሆን ነበር የምመኘው፣ ግን አየር ኃይል ለሴት የበረራ ሥልጠና አይሰጥም አለች። ሁለቱም ሳቁ። ያኔ የማይሆን ነገር ነበር። አየር ኃይሉ ሴቶችን ለበረራ ማሠልጠን የጀመረው በ1976 ነው። አራት ዓመት ብቻ!

«የቨርጂኒያው ውሳኔ ወግ አፈረሰ»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ስለ ቨርጂኒያ ወታደራዊ ተቋም ነው የሚናገሩት። ሌክሲንግተን ከተማ ነው ያለው፣ በ1839 የተመሠረተ፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር፣ ያኔ ወንድ ብቻ ይቀበል የነበረ። በ1990 አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አቤት አለች። የፌዴራል መንግሥት ከሰሰ።

ጸሐፊው «ማንም ሴት ሳትጠይቅ ከላይ የተጫነ ነው» ብለዋል። ይህ ግን ትክክል አይደለም። ክሱ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት 347 ሴቶች ለተቋሙ ጠይቀው ነበር። ቁጥሩ ፍርዱ ላይ አለ። ስንቶቹ መልስ አገኙ? አንዷም። «አንቀበልም» የሚል ወረቀት እንኳ አልተላከላቸውም። ልጅ ሆኜ ለውጭ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ልኬ ፖስታ ቤት የሳጥን ቁጥራችንን በየሳምንቱ እከፍት ነበር። ባዶ ሳጥን ማየት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። በእኔ ላይ የደረሰው የፖስታ ችግር ሊሆን ይችላል። በእነሱ ላይ የደረሰው ግን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

ግዛቱ እንደ መፍትሔ ስቶንተን በሚገኘው ሜሪ ባልድዊን ኮሌጅ ለሴቶች ሌላ ፕሮግራም አቋቋመ። እኩል ነው ተባለ። የወንዶቹ ተቋም ቋሚ ሀብት 131 ሚሊዮን ዶላር፣ የኮሌጁ 19 ሚሊዮን ገደማ። ምህንድስና የለም። የወታደር ካምፕ ኑሮ የለም። የመቶ ስልሳ ዓመት ስም የለም፣ በየመሥሪያ ቤቱ የሚጠብቅ የቀድሞ ተመራቂም የለም።

ጁን 26 ቀን 1996 ፍርዱ 7 ለ1 ሆነ። ዳኛ ቶማስ ልጁ እዚያ ይማር ስለነበር አልተቀመጠም። ፍርዱን የጻፈችው በዚያ ጊዜ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ የነበረችው ሩት ናት። ብዙ ሴቶች ያን ዓይነት ትምህርት ላይመርጡ ይችላሉ ብላ ራሷ ጽፋለች፤ ብዙ ወንዶችም አይመርጡትም። ጥያቄው ፈቃዱም አቅሙም ያላትን ሴት መንግሥት በሴትነቷ ብቻ መመለስ ይችላል ወይ ነው። አይችልም። ጸሐፊው ይህ የግራ ክንፍ ዳኞች ሥራ ነው ስላሉ አንድ ነገር ላስታውሳቸው። በፍሮንቲየሮ ጊዜ ብቻውን የተቃወመው ዳኛ ሬንኲስት በ1996 የፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት ነበር። በምክንያቱ ሁሉ ባይስማማም በውጤቱ ከሩት ጋር ቆመ።

የተቋሙ ቦርድ ወደ ግል ትምህርት ቤትነት መቀየር አስቦ ነበር። በ9 ለ8 ድምፅ ሴቶችን እንቀበል አለ። በ1997 ሠላሳ ሴቶች ገቡ። ወጉ ፈረሰ? ካዴቶቹ አሁንም በዩኒፎርም ይሰለፋሉ፣ አንደኛ ዓመቶቹ አሁንም ይለፋሉ። በ2021 የካዴቶቹ ክፍለ ጦር አዛዥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት ሆነች። ሩትም በ2017 ሄዳ ጎበኘቻቸው። 83 ዓመቷ ነበር።

«የዶርም ስም መታሰቢያ አይባልም፣ እኛንም አይመለከተንም»

ስለ ዶርሙ አልከራከርም። ሐውልት የወደደ ሐውልት ያሠራ። እኔ ግን ዶርም ይሻላል ባይ ነኝ። ሐውልት አጠገብ ሰው ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። ዶርም ውስጥ ግን ይኖርበታል። አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ለእናቷ ስትደውል «ጊንስበርግ ነኝ» ትላለች። ፖስታዋ ላይ ይጻፋል። በዚያው ግቢ በቶኒ ሞሪሰን፣ በባርባራ ማክሊንቶክና በቻይናዊው ምሁር በሁ ሺ ስም የተሰየሙ ዶርሞች አሉ። ሁሉም እዚያ የተማሩ ናቸው። ሩትም በ1950 እዚያው ነው የገባችው፣ ባሏንም ያገኘችው እዚያ ነው።

ወታደሩ ራሱ ደግሞ እንደ ባዕድ አላያትም። ባሕር ኃይሉ በ2022 አንዱን የነዳጅ ማመላለሻ መርከቡን በስሟ እንደሚሰይም አስታውቋል። በሴፕቴምበር 2020 ስትሞት የተቀበረችው የአሜሪካ ወታደሮች በሚቀበሩበት በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ነው፣ የቀድሞ ወታደር ከነበረው ባሏ ከማርቲን አጠገብ።

አርሊንግተን ስንል እኛ ኮለምቢያ ፓይክን ነው የምናስበው። እንጀራ የምንገዛበት፣ ልቅሶ የምንደርስበት መንገድ ነው። ያ መንገድ መካነ መቃብሩ ድረስ ይወስዳል። ስለዚህ «እኛን አይመለከተንም» ሲሉኝ አልገባኝም። ልጆቻችን በዚህ አገር ሠራዊት ውስጥ ናቸው። ሴቶቹም ወንዶቹም። አግብተው፣ ወልደው፣ ቤት ተከራይተው። ዛሬ የወለደች ወታደር አትባረርም፤ አሁን ባለው ሕግ ለልጅ እንክብካቤ 12 ሳምንት ፈቃድ አላት፣ አባትየውም እንደዚያው።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለእህቴ ልጅ በስልክ አነበብኩላት። የፍሮንቲየሮ ባል ጋ ስደርስ አቋረጠችኝ። «205 ዶላር ስላገኘ ነው የከለከሏት?» አለች። አዎ አልኳት። ዝም አለች። «የእኔ ባል እኮ በፓርኪንጉ ከዚያ በላይ ነው የሚያገኘው» አለች። ከዚያ ቀሪውን ማታ ታነቢልኛለሽ ብላ ዘጋችው። ባሏ ፈተና ጨርሶ በር ላይ እየጠበቃት ነበር።